ሕክምናን ማቆም መግደል ነውን?

አንድ አዛውንት አባት በጽኑ ታመው ተኝተዋል እንበል። ዕድሜያቸው ሰማንያውን አልፏል፤ ልባቸው ደክሟል፤ ኩላሊታቸውም ሥራውን አቁሟል። ሐኪሙ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል የሚወስድ የኩላሊት እጥበት እንደሚያስፈልጋቸው ይናገራል። ልጆቻቸው ቤታቸውን ሸጠው ሊያሳክሟቸው ተነሥተዋል። አባት ግን፣ «ልጆቼ፣ ይበቃኛል፤ ወደ ቤቴ ውሰዱኝ፤ ካህንም ጥሩልኝ» ይላሉ። ልጆቹም ካህኑን፣ «አባ፣ ቃላቸውን ብንፈጽም ገደልናቸው ማለት ነውን?» ብለው ይጠይቃሉ።

ይህ ጥያቄ ከቀብር በኋላም ለዓመታት ኅሊናን ሲወቅስ ሊኖር ስለሚችል፣ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት በጥሞና ልንመረምር ይገባናል።

ከሁሉ አስቀድሞ ሕይወት የእግዚአብሔር ስጦታ እንጂ እንደ ፈቃዳችን የምናዝበት ንብረት አይደለም። ስለዚህ ጤናን መጠበቅ፣ ሲታመሙም መታከም ግዴታ ነው። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር ያስተምረናል። በጸሎት እያመካኙ የሚያድን መድኃኒትን መጣል እምነት ሊባል አይችልም።

ይሁን እንጂ ይህ ግዴታ ወሰን አለው። በ16ኛው ምዕተ ዓመት የነበረው ዶሚኒካዊው ሊቅ ፍራንሲስኮ ዴ ቪቶሪያ፣ ሰው ዕድሜውን ለማራዘም ሲል እንደ ዶሮ ያለውን ውድ ምግብ የመመገብ ግዴታ እንደሌለበት አስተምሯል። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛም እ.ኤ.አ. በ1957 ስለ መተንፈሻ መሣሪያ ተጠይቀው ሲመልሱ፣ ሰው ግዴታው በተለመደው መንገድ መታከም እንጂ በራሱም ሆነ በሌላው ላይ ከባድ ሸክም የሚጭነውን ሁሉ መቀበል እንዳልሆነ ገልጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1980 ከቫቲካን የወጣው መግለጫ ደግሞ የሚጠበቀው ውጤት ከሕመምተኛው ድካም፣ ከአደጋውና ከወጪው ጋር እንዲመዛዘን ያዛል። ቤተሰብን ከመጠን ካለፈ ወጪ ለማዳን ሲባል ከባድ ሕክምናን አለመቀበል ራስን እንደ መግደል አይቆጠርም።

ሚዛኑ በመሣሪያው ዓይነት ብቻ አይለካም። ያው የኩላሊት እጥበት ልጆቿን የምታሳድገውን ወጣት እናት ለብዙ ዓመታት ሊያኖራት ይችላል፤ ለእኒያ አዛውንት ግን የሞትን መንገድ ከማራዘም የማያልፍ ሥቃይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚሰማው የሕመምተኛው ቃል ነው፤ ቀጥሎም የሐኪሙ ምክር ነው።

በሌላ በኩል፣ ሕመምተኛው እንዲሞት አስቦ ገዳይ መርፌ መውጋት ፍጹም የተከለከለ ነው። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1995 «ወንጌለ ሕይወት» በተባለው መልእክታቸው ይህንኑ አጽንተዋል። በመጀመሪያው ሁኔታ የሚገድለው ሕመሙ ነው፤ እኛ የምናደርገው አቅማችን መወሰኑን በትሕትና መቀበል ነው። በሁለተኛው ግን የሚገድለው የሰው እጅ ነው።

ሕክምናው ቢቆም እንኳ ፍቅር አይቆምም። ሕመምተኛው መቀበል እስከቻለና እስከጠቀመው ድረስ ምግብና ውኃ አይከለከልም፤ ይታጠባል፤ ይገላበጣል። ሥቃዩን ለማስታገስ ሞርፊንን የመሰለ መድኃኒት በተገቢው መጠን ቢሰጠው ኃጢአት የለበትም። ንስሐና ቅዱስ ቁርባን ከምሥጢረ ቀንዲል ጋር በጊዜው ሊደርሱት ይገባል፤ ካህን የሚጠራው ሕመምተኛው ራሱን ከሳተ በኋላ መሆን የለበትም።

አንድ ነገር ግን ያሳስበናል። ሊድን የሚችል ድኻ በገንዘብ እጦት «ይበቃኛል» ቢል፣ ያ ነጻ ውሳኔ ነው ብለን ኅሊናችንን ማሳረፍ አንችልም። በዚያን ጊዜ የሚጠየቀው ሕመምተኛው ሳይሆን ቁምስናው፣ ዕድሩና ጎረቤቱ ነው። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በየመንደሩ ሕመምተኞችን ስትጎበኙ ይህን ልዩነት እንድታስተውሉ አደራ እንላለን።

ለእኒያ ልጆች የምንሰጠው መልስ እንግዲህ ይህ ነው፦ አልገደላችኋቸውም። ወደ ቤታቸው ውሰዷቸው፤ ብቻቸውን ግን አትተዉአቸው።