በብዙ እጅ ያለ ድምፅ

ሶኒና ፊሊፕስ ሱፐር ኦዲዮ ሲዲ የተባለውን ዲስክ በ1999 ለገበያ ሲያቀርቡ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዓላማቸው በ1982 ራሳቸው ያስተዋወቁትን ሲዲ በተሻለ መተካት ነበር። ተራው ሲዲ ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየለካ ይመዘግባል፤ አዲሱ ዲስክ በሌላ ስልት በሰከንድ 2,822,400 ጊዜ ይለካል። በማግስቱ ዓመት ዲቪዲ ኦዲዮ የሚባል ተፎካካሪ መጣ። ሁለቱም የታሰበላቸውን ያህል አልሄዱም፤ አድማጩ በዚያው ሰሞን ፊቱን ወደ ኤምፒ3 አዙሮ ነበርና። ዛሬ በአሜሪካ ከተቀዳ ሙዚቃ ከሚገኘው ገቢ ከአምስት እጅ አራቱን የሚበልጠው የሚመጣው ሙዚቃን በኢንተርኔት ከሚያሰሙ አገልግሎቶች ነው። ያም ሆኖ ዲስኩ ፈጽሞ አልጠፋም። በጃፓን ታወር ሪከርድስ የቆዩ ቅጂዎችን በዚሁ ዲስክ እያሳተመ ይሸጣል፤ በየአገሩም እነዚህን ዲስኮች አንድ በአንድ እያደኑ የሚሰበስቡ፣ ኅትመቱ ላበቃ ዲስክ ከቀድሞ ዋጋው ብዙ እጥፍ የሚከፍሉ ሰዎች አሉ። ሙዚቃው ሁሉ በስልክ ውስጥ በሚገኝበት ዘመን ይህን ማድረግ ፍቅረ ንዋይ ነው ወይስ ሌላ ስም ይገባዋል? ጥያቄው የኅሊና ጥያቄ ስለሆነ እንደ ኅሊና ጥያቄ ላነሣው እወዳለሁ።

ሰብሳቢዎች ራሳቸው መጀመሪያ የሚሰጡት መልስ ጆሮን ይጠራል፤ ይህ ዲስክ የተሻለ ይሰማል ይላሉ። መልሱ ቅን ቢሆንም ደካማ ነው። በ2007 ሜየርና ሞራን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የነዚህን ዲስኮች ድምፅ ወደ ተራ ሲዲ ደረጃ ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ በመሃል አስገብተው፣ አድማጮች የትኛው የትኛው እንደሆነ እንዲለዩ ጠየቁ። ከ554 ሙከራ ትክክል የተመለሰው 276ቱ ነው፤ ዝም ብሎ መገመትም ከዚህ የራቀ ውጤት አይሰጥም። በ2016 ጆሹዋ ሪስ 18 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሮ ሰው ልዩነቱን ለመለየት ጥቂት ችሎታ እንዳለው፣ ሥልጠናም ችሎታውን እንደሚጨምርለት አሳየ፤ አማካዩ ግን ከግማሽ ከፍ ያለው በጥቂቱ ነበር። ከጥናቶቹ ይልቅ የሚያስተምረው በ2022 የሆነው ነው። ሞባይል ፊደሊቲ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ ሸክላዎች በዲጂታል መንገድ ፈጽሞ ያላለፉ እየተባሉ ለዓመታት ሲወደሱ፣ በውድ ዋጋም ሲሸጡ ቆይተው ነበር። ኋላ ግን ብዙዎቹ የተሠሩት ከዲጂታል ቅጂ እንደሆነ፣ ያውም ሱፐር ኦዲዮ ሲዲ በሚሠራበት በዚያው ስልት ከተቀዳ፣ የድርጅቱ መሐንዲሶች አመኑ። የዲጂታል ድምፅ ገና ሲጀምር ይታወቀኛል ሲል የኖረ ጆሮ ሳያውቀው ሲያደንቀው ከርሟል ማለት ነው። ገዢዎቹ ድርጅቱን በፍርድ ቤት ሲከሱት ድምፁ አልተለወጠም ነበር፤ የተጎዳው አመኔታቸው ነው። ሰብሳቢ ከዲስክ የሚፈልገው ዋናው ነገር፣ እሱ ራሱ ባያስተውለውም፣ እውነት መሆኑ እዚህ ላይ ይታያል።

ጆሮን ዋና ምክንያት ማድረግ ሌላም አደጋ አለበት። አውግስጢኖስ በአራተኛው መቶ ዘመን ማብቂያ በጀመረው ኑዛዜ ዐሥረኛ መጽሐፍ ላይ፣ በቤተ ክርስቲያን ዝማሬ ልቡ ሲነካ የነካው ቃሉ ነው ወይስ ዜማው እያለ ራሱን ይመረምራል፤ ዜማው ከቃሉ በልጦ የማረከውን ጊዜ እንደ በደል ይቆጥረዋል። የእስክንድርያው አትናቴዎስ፣ ያው ለእኛ አባ ሰላማን የሾመልን፣ መዝሙሩ ከንባብ ብዙ ሳይርቅ እንዲዜም ያደርግ እንደነበር ያስታውስና ያኛው ይሻል ይሆን ብሎ ያመነታል። በመጨረሻ ዝማሬውን ይቀበላል፤ ስጋቱን ግን አይጥለውም። የጸናጽሉን ጥራትና የባሱን ጥልቀት ሲመዝን የሚውል የዲስክ ባለቤትን ይህ ስጋት በእጥፍ ይመለከተዋል፤ ቃሉም ዜማውም ቀርቶ መሣሪያውን ማዳመጥ ጀምሯልና። ለስብስቡ ከጆሮ ደስታ የጠነከረ ምክንያት ካልተገኘለት እውነቱ ከወቃሾቹ ጋር ነው።

ያን ምክንያት የሚሰጠን፣ እንደሚመስለኝ፣ ራሱ አውግስጢኖስ ነው። በስተርጅናው፣ በ426 እና በ427 ገደማ፣ ቀድሞ የጻፋቸውን መጻሕፍት በየተራ እያነሣ የተሳሳተበትን የሚያርም ሥራ ጻፈ። መጻሕፍቱን ራሳቸውን ፍቆ ማስተካከል ይቀል ነበር፤ ግን ቅጂዎቹ አስቀድመው በብዙ ሰው እጅ ገብተዋል፤ ልሰብስባቸው ቢልም አይሰበሰቡም። ይህ አለመቻሉ ትልቅ ነገር አስገኘ፦ ስሕተቱን በአደባባይ እንዲናገር አደረገው፣ እኛም የቀድሞ ሐሳቡን ከኋለኛው ጋር አስተያይተን ለማንበብ በቃን። ከሠሪው እጅ ወጥቶ ሊመለስ የማይችል ቅጂ የእውነት ዋስ ነው። ዲስክ መሰብሰብን የምደግፈው በዚህ መሠረት ላይ ቆሜ ነው። ዲስኩ በተሠራበት ቀን ምን ተብሎ እንደተዘፈነ፣ እንዴትስ ተቀናብሮ እንደወጣ ይመሰክራል፤ ማንም ከሩቅ ሆኖ ቃሉን ሊያስለውጠው አይችልም።

በኢንተርኔት የሚሰማ ሙዚቃ ይህ ዋስትና የለውም። ካኒዬ ዌስት በ2016 ያወጣውን ዘ ላይፍ ኦፍ ፓብሎ የተሰኘ አልበም ሕዝብ እየሰማው ደጋግሞ ለዋወጠው። ቢዮንሴ በ2022 ባወጣችው ሬነሳንስ ውስጥ አካል ጉዳተኞችን የሚያስቀይም ቃል እንዳለ ሲነገራት ቃሉን አስወጣችው። በየአገልግሎቱ የሚሰማው የታረመው ነው፤ ቀድሞ ታትሞ የተሸጠው ዲስክ ግን እንደታተመ ይኖራል። ማይስፔስ የተባለው ድረ ገጽ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት የተጫኑበት ሙዚቃዎች ሰርቨር ሲዛወር መጥፋታቸውን በ2019 አስታወቀ። ማስተር ቅጂ በአንድ ግምጃ ቤት መቀመጡም አያስተማምንም፤ በ2008 በካሊፎርኒያ የዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ግቢ ላይ የተነሣው እሳት የማስተር ቴፖች መጋዘን አቃጥሏል፣ የጉዳቱ መጠን እስካሁን ቢያከራክርም። በእኛም አገር አምሃ እሸቴ በ1969 ያቋቋመው አምሃ ሪከርድስ በአብዮቱ ማግስት ሥራው ሲቋረጥ ሸክላዎቹ በየሰዉ ቤት ቀሩ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ ኢትዮፒክስ በሚል ተከታታይ በፓሪስ ዳግም ባሳተመው ሥራ ዓለም የተደነቀው፣ የዚያ ዘመን ሙዚቃ በሚያዝና በሚዳሰስ ነገር ላይ ታትሞ ስለቆየ ነው። ከአገልግሎት ሰጪው በቀር ማንም ያልያዘው ሙዚቃ ቢሆን ኖሮ፣ አገልግሎቱ በተዘጋ ቀን ያከትምለት ነበር።

ሠሪው ሥራውን የማረም መብት የለውም ወይ የሚል ይኖራል። አለው፤ ቢዮንሴም ያን ቃል ማውጣቷ መልካም አደረገች ባይ ነኝ። የምቃወመው እርማቱ የቀድሞውን አሻራ ይዞ መጥፋቱን ነው፤ የታረመውን እንጂ የተባለውን የማያውቅ ትውልድ ይቅርታ መጠየቁንም አያውቅም። የብራና መጻሕፍታችን ላይ የሚገኘው ግዝት መጽሐፉን የሰረቀውንና የፋቀውን ጎን ለጎን አስቀምጦ በአንድነት ያወግዛል። ጸሐፊዎቹ ይህን ሲያደርጉ ያሰቡት ገና ያልተወለደውን አንባቢ ይመስለኛል፤ ሌባውም ፋቂውም የሚወስዱት ከእሱ ነውና።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ከወንጌል የሚመጣው ነው። ጌታ በተራራው ስብከት ብልና ዝገት የሚያበላሸውን መዝገብ ከማከማቸት አስጠንቅቋል፤ ዲስክ ደግሞ በእርግጥም ይዝጋል። በእንግሊዝ ብላክበርን የነበረ ፋብሪካ ከ1980ዎቹ መጨረሻ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ካመረታቸው ሲዲዎች ብዙዎቹ የውስጥ ንጣፋቸው ተበልቶ የነሐስ መልክ ይዘው ተበላሽተዋል። ለዚህ ተቃውሞ ግማሹን እንስጠው። ፕላስቲኩ ሳይከፈት መደርደሪያ ላይ ሆኖ ዋጋው እስኪወጣ የሚጠበቅ ዲስክ ከመዝገብነት አያልፍም፤ ባለቤቱም በሉቃስ ወንጌል ጎተራውን አፍርሶ ትልቅ ሊሠራ ካሰበው ባለጠጋ አይለይም። ሌላው ግማሽ ግን አለ። ያ ባለጠጋ የተወቀሰው ለራሱ ብቻ ስላከማቸ ነው፤ ዮሴፍም በግብፅ ሰባት ዓመት ሙሉ እህል አከማችቷል፣ ያከማቸው ለሚመጣው ረኀብ፣ ለሌሎች አፍ በአደራ ስለነበር ተመሰገነ። ሁለቱን የሚለያያቸው የጎተራው ስፋት አይደለም። አንድ ስብስብ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ ባለቤቱ ዲስኩን ያሰማል ወይ፣ ያውሳል ወይ፣ ከሱ በኋላ ማን እንዲረከበው አስቧል ብሎ መጠየቅ ይበቃል። የሚበላሽ መሆኑም አደራውን ያከብደዋል እንጂ አይሽረውም፤ ብራናም እሳትና ምስጥ አያጣውም።

ዛሬ ያለ መቆለፊያ የሚሸጥ ከፍተኛ ጥራት ያለው ፋይል መግዛት ይቻላል፣ በብዙ ቦታ ተባዝቶ ስለሚቀመጥም ከዲስክ ሊቆይ ይችላል የሚለው ክርክር ትክክል ነው። በምስክርነት ረገድ እንዲህ ያለው ፋይል ከዲስክ አያንስም። የሚያንሰው በሕግ ነው። በአሜሪካ ዲስክ የገዛ ሰው ሊያውሰውም፣ ሊሸጠውም፣ ሊያወርሰውም ይችላል። ሪዲጂ የተባለ ድርጅት ግን ሰዎች የገዟቸውን የሙዚቃ ፋይሎች መልሰው እንዲሸጡ መንገድ ሲከፍት ካፒቶል ሪከርድስ ከሰሰው፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በ2018 ፋይል ሲተላለፍ አዲስ ቅጂ ስለሚፈጠር አይፈቀድም ሲል ፈረደ። ፋይሉ በገዛው ሰው ዘንድ ይቀራል፤ ዲስኩ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። ምስክርነት ትውልድ መሻገር ካለበት ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

ለምስክርነቱ ተራ ሲዲ አይበቃም ወይ? ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ሰብሳቢው ይህን ሳይፈራ ማመን አለበት። በከፍተኛ ጥራት ዲስኮች ላይ ግን ሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኝ ነገር አለ። አርሲኤ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ መሐንዲሶች በ1950ዎቹ የቺካጎንና የቦስተንን ኦርኬስትራዎች ሲቀዱ ብዙዎቹን ሥራዎች በሦስት ትራክ፣ ግራ፣ መሃልና ቀኝ አድርገው ቀድተዋል፤ በዘመኑ የነበረው የቤት ስቴሪዮ የሚያሰማው ግን ሁለት ትራክ ብቻ ነበር። ሦስቱ ትራኮች እንደተቀዱ ወደ አድማጭ ቤት የገቡት ከ2004 ጀምሮ በሱፐር ኦዲዮ ሲዲ ሲታተሙ ነው፤ ፍሪትዝ ራይነር የቺካጎን ኦርኬስትራ ሲመራ በመቅጃ ክፍሉ የተሰማው ግማሽ መቶ ዘመን ቆይቶ ሌላ ሰው ጆሮ ደረሰ። ሜየርና ሞራንም እንኳ፣ የስልቱን ልዩነት ጆሮ አይለየውም ካሉ በኋላ፣ በነዚህ ዲስኮች ላይ ያሉት ቅጂዎች በአብዛኛው ከተለመደው የተሻለ እንክብካቤ እንደተደረገላቸው አልካዱም። ለጥቂት ጠንቃቃ አድማጭ የሚሠራ መሐንዲስ ድምፁን በግድ ማስጮህ አያስፈልገውምና የሠራውን እንዳለ ይሰጣል። ምስክር የሚመዘነው ባየው ሙሉነት ነው፤ የጥራት ትርጉሙ ለእኔ እዚህ ላይ ነው።

የዚህ ዲስክ ትልቁ እንከን ከራሱ ከሠሪዎቹ የመጣ ነው። ሱፐር ኦዲዮ ሲዲ እንዳይቀዳ ተቆልፎ ተሠርቷል። ብዙዎቹ ዲስኮች በተራ ሲዲ ማጫወቻ የሚነበብ ሁለተኛ ንጣፍ ቢኖራቸውም፣ ከፍተኛ ጥራት ያለውን ንጣፍ የተለመደው የኮምፒውተር ዲስክ ማንበቢያ አያነበውም። ማጫወቻዎቹም እየተመናመኑ ነው፤ ሰብሳቢዎች እጅግ ይወዱት የነበረው ኦፖ በ2018 ማጫወቻ ማምረት አቁሟል። የመጀመሪያዎቹ ፕሌይስቴሽን 3 መሣሪያዎች ዲስኩን ማንበብ ስለሚችሉ፣ ፕሮግራም ጽፈው ድምፁን ወደ ፋይል ያወጡበት ሰዎች ተገኙ። በ1998 የወጣው የአሜሪካ የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ ግን መቆለፊያ መስበርን ይከለክላል። በዚህ ላይ አቋሜን ልናገር። የገዛውን ዲስክ ከመጥፋት ለመታደግ መቆለፊያውን የከፈተ ሰው ከማንም ላይ አልወሰደም፤ ያወጣውን ቅጂ ለገበያ ያቀረበ ግን የሠሪውን እንጀራ ሰርቋል። ሕጉም ይህን ልዩነት ተቀብሎ ለቤተ መጻሕፍትና ለመዛግብት ቤቶች፣ ከነሱም አልፎ ለግል ባለቤቶች፣ ቅጂ አውጥቶ የማስቀመጥን ፈቃድ በግልጽ ሊሰጥ ይገባዋል። እስከዚያው ድረስ ሰብሳቢው ዲስኮቹን ማን እንደሚረከብ፣ የሚሠራ ማጫወቻም አብሮ እንዲሰጥ፣ በጤናው ሳለ በኑዛዜው ላይ ያስፍር።