ማንም ሳያየው የቆመ ተራራ



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ ራቅ ወዳለ ቦታ ልውሰዳችሁ። በበረዷማው አህጉር በአንታርክቲካ ቪንሰን የሚባል ተራራ አለ። ከደቡብ ዋልታ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከፍታው 4,892 ሜትር ሲሆን በአህጉሩ የሚበልጠው የለም፤ የእኛን ራስ ዳሸን እንኳ ከ300 ሜትር በላይ ይበልጠዋል። በአካባቢው መንደር የለም፣ እረኛ የለም። በበጋ ፀሐይ ለወራት አትጠልቅም፤ በክረምት ደግሞ ለወራት አትወጣም።

እ.ኤ.አ. በ1935 ሊንከን ኤልስዎርዝ የተባለ አሜሪካዊ በአውሮፕላን በዚያ ሰንሰለት ላይ አልፎ ነበር። ትልቁን ተራራ ግን ሳይለየው ሄደ። ሰዎች መኖሩን ያወቁት በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ጫፉን የረገጡት ደግሞ በ1966።

ሱብሓነላህ! ከዚያ በፊት ተራራው አልነበረም? ነበር። ሱረቱል ሐጅ ተራሮችም ለአላህ ሱጁድ እንደሚያደርጉ ያስተምረናል። ያ ሁሉ ዘመን ሲሰግድ የሰው ዓይን አላየውም፤ ጌታው ግን ያውቀዋል።

ሌላም ነገር አለ። መጀመሪያ ሲለካ 5,140 ሜትር ነው ተባለ። በኋላ በተሻለ መሣሪያ ሲለካ ቁጥሩ ወረደ። ተራራው አላጠረም፤ የተሳሳተው የሰዎች ልኬት ነው።

ወንድሜ፣ ሌሊት ተነስተህ ለታመመች እናትህ ውሃ ስታቀብል ማንም አላየህም። እህቴ፣ ከትንሿ ደሞዝሽ በድብቅ የሰጠሽውን ሰደቃ ማንም አልጻፈልሽም። አላህ ዘንድ ግን አልጠፋም። ሰው ሲያደንቀን ሥራችን አይከብድም፤ ሲረሳንም አይቀልም። የሚመዝነው አላህ ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔም ይህን ከለጠፍኩ በኋላ ስንት ሰው እንዳየው ለማወቅ እጄ ወደ ስልኬ መሄዱ አይቀርም። ሪያእ እንዲህ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ምክሬ በቅድሚያ ለነፍሴ ነው።

በዚህ ጁምዓ አንድ መልካም ሥራ እንሥራ፤ ፎቶ የማይነሳ፣ ለቅርብ ጓደኛ እንኳ የማይነገር። እኛና አላህ ብቻ የምናውቀው ይሁን።

አላህ ኢኽላስን ይወፍቀን። አሚን። በነቢያችን ﷺ ላይ ሰለዋት ማውረድ እንዳንረሳ።

ጁምዓ ሙባረክ!