ቡድንህ ሲሸነፍ ልብህ የት ነው?



ወንድሜ፣ እህቴ፦ የዛሬው ማስታወሻችን የሚነሳው ከኳስ ሜዳ ነው። «ጁሙዓን ከኳስ ጋር ምን አገናኘው?» ሳትሉ እስከ መጨረሻው ታገሱኝ።

ባለፈው ጁሙዓ ከሶላት በኋላ መስጂዱ በር ላይ ጫማችንን እየፈለግን ሳለ አንድ ልጅ ጓደኛውን «ሐይቆቹ ትናንት ስንት ለስንት ወጡ?» አለው። ጓደኛው አንገቱን ደፍቶ «ተሸነፉ» ብሎ መለሰ። ጠያቂው ሳቀና «አንተ ግን መቼ ነው የምትተዋቸው?» አለው። ያኛው ምንም አልመለሰም፤ ጫማውን አደረገና ሄደ። ጥያቄው ግን አብሮኝ ቤት ገባ። እውነት፣ አንድ ሰው ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ የሚያሳዝነውን ቡድን ለምን አይተወውም? ደግሞስ አንድ ሙስሊም ወጣት ከዚህ ምን ይማራል?

ነገሩን በቁጥር እንየው። ሀዋሳ ከተማ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሁለት ጊዜ አንስቷል፤ በ1996 እና በ1999። ሊጉ በ1990 ከተጀመረ ወዲህ ዋንጫው ከአዲስ አበባ ክለቦች እጅ የወጣው በ1996 ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ከ1999 በኋላ ግን እስከ 2017 ድረስ 18 የውድድር ዓመታት መጥተው ሄዱ፤ ዋንጫው ወደ ሐይቁ ዳር አልተመለሰም። ዛሬ ሃያ ዓመት ያልሞላህ ልጅ ከሆንክ ያን ደስታ አታስታውሰውም። ከአባትህ ወይም ከታላቅ ወንድምህ ሰምተህ ነው የወረስከው። ለዚያውም ከ2013 ጀምሮ የሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች ተሰብስበው ሲካሄዱ ስለቆዩ፣ ክለብህን በገዛ ከተማህ የምታየው ውድድሩ ወደ ሀዋሳ ሲመጣ ነው። ሌላውን ጊዜ በስልክህ ውጤት ትጠብቃለህ። ውጤቱም ብዙ ጊዜ ያው ነው።

ታዲያ ለምን አትተወውም? ማታ ዲኤስቲቪ ያለበት ቤት ገብተህ የሚያሸንፍ የእንግሊዝ ቡድን መምረጥ ትችላለህ። ብዙዎች እንዲህ አድርገዋል። ዘንድሮ የዚህኛውን፣ ከርሞ የዚያኛውን ማልያ የሚለብስ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። እሱ ሁልጊዜ አሸናፊ ነው፤ ምክንያቱም የሚደግፈው ቡድንን ሳይሆን ማሸነፍን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ላንሳ። በሶሒሕ አል-ቡኻሪ እንደተዘገበው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አል-ዐድባእ የምትባል ግመል ነበረቻቸው። በሩጫ የሚቀድማት አልነበረም። አንድ ቀን ከገጠር የመጣ ዐረብ በወጣት ግመል ተቀምጦ መጣና ቀደማት። ነገሩ ለሶሓቦች ከበዳቸው። የሚወዷት ግመል፣ የሚወዷቸው ነቢይ ግመል ተቀደመች! ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ሲያውቁ ያስተማሯቸው ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ በዚህች ዱንያ ከፍ ያለ ነገር ሁሉ፣ አላህ ዝቅ ሳያደርገው እንደማይቀር።

ያላደረጉትንም አስተውል። «ለግመል ሩጫ ብላችሁ ታዝናላችሁ ወይ?» ብለው ሶሓቦችን አላሳፈሩም። ያሸነፈውን ሰው አላንቋሸሹም። ግመሏንም አልወቀሱም። ሽንፈቱን በቦታው አስቀመጡት። ኀዘኑን አልካዱም፤ ነገር ግን ከልኩ አላሳለፉትም።

ይህን ሕግ በገዛ ሊጋችን አይተነዋል። መብራት ኃይል በ1990 እና በ1993 ሻምፒዮን ነበር፤ በ2010 ከሊጉ ወረደ። ደደቢት በ2005 ዋንጫ አነሳ፤ በ2011 ወረደ። ጅማ አባ ጅፋር ወደ ሊጉ ባደገበት ዓመት፣ በ2010፣ ሻምፒዮን ሆኖ ሁላችንንም አስገረመ፤ በ2014 ግን ወራጅ ነበር። ባሕር ማዶም እንዲሁ ነው። ሊቨርፑል እ.ኤ.አ. በ1990 ያነሳውን የሊግ ዋንጫ እንደገና ለማንሳት እስከ 2020 ድረስ 30 ዓመት ጠበቀ። እንግዲህ ከፍ ያለውን ብቻ የሚከተል ሰው የሚከተለው ነገ የሚወርደውን ነው። ስለዚህ ዕድሜውን ሙሉ ሲዘል ይኖራል፤ የትም ሥር አይሰድም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሐጅ 22፥11 ላይ በዳር ቆሞ የሚገዛውን ሰው ይገልጽልናል። መልካም ሲያገኝ ይረጋል፤ ፈተና ሲነካው ፊቱን ያዞራል። ዱንያንም አኺራንም ያጣው ይህ ሰው ነው። ይህ አንቀጽ ስለ ኳስ አይደለም፤ ስለ ኢማን ነው። ግን ራሴን ስጠይቅ ያስፈራኛል። ዳር ላይ የሚቆም ልብ በአንድ ቀን አይፈጠርም። ጓደኛው ሥራ ሲያጣ ስልኩን ማንሳት የሚተው ሰው፣ ዱዓው ለጥቂት ወራት የዘገየ ሲመስለው ሱብሒን መተኛት የሚጀምር ሰው፣ ሚስቱ ስትታመም ቤቱ የሚከብደው ሰው፣ ሁሉም አንድ ልማድ አላቸው፦ ነገሩ ሲከፍል አሉ፣ ሲያስከፍል የሉም።

ግን ቆይ፤ አንድ ተቃውሞ አለ፣ ትክክለኛም ተቃውሞ ነው። «ለቡድን ታማኝ መሆን ለሰው ታማኝ መሆንን ያስተምራል ወይ?» ብትለኝ፣ በራሱ አያስተምርም። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ጨዋታ ያላመለጠው፣ ግን እናቱን ከደወለላት ወር ያለፈው ሰው አለ። አሰልጣኙን በስሙ፣ ተጫዋቹን በቁጥሩ የሚያውቅ፣ የጎረቤቱን ችግር ግን የማያውቅ አለ። ስለዚህ ታማኝነት ብቻውን ምስጋና አያስገኝም። ለማን ነው? እስከ ምን ድረስ ነው? ይህ መጠየቅ አለበት። ትልቁን ታማኝነት ለትንሽ ነገር የሰጠ ሰው፣ ለትልቁ ነገር ሲጠራ ባዶ እጁን ይመጣል።

የእውነተኛ ወፋእ መለኪያ ኸዲጃ (ረ.ዐ.) ናት። የመጀመሪያው ወሕይ በወረደ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እየተንቀጠቀጡ ሲመጡ፣ አጽናንታ የቆመችላቸው እሷ ናት። መካ ፊቷን ስታዞርባቸው ከጎናቸው ነበረች። እሳቸውስ? ከሞተች ከዓመታት በኋላም በግ ሲያርዱ ለጓደኞቿ ሥጋ ይልኩ እንደነበር ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ተርካለች። ከሙት ምን ይገኛል? ምንም። ወፋእ ማለት ይህ ነው፤ ምንም በማይገኝበት ጊዜ አለመርሳት።

ከዚህ በመነሳት ሦስት ወሰኖችን እናስምር።

አንደኛው ሶላት ነው። ጨዋታ ከሶላት ጋር ሲጋጭ ታማኝነትህ ለማን እንደሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው። እኔ ራሴ ለአንድ ሁለተኛ አጋማሽ ብዬ ዐስርን ወደ መግሪብ አፋፍ ገፍቻለሁ። ያን ቀን ቡድኔ አሸንፎ ነበር፤ ደስታው ግን አፌ ላይ መረረኝ። አላህ ይማረኝ።

ሁለተኛው ቁማር ነው። ዛሬ በየሰፈሩ ቤቲንግ ቤት አለ፤ ካልሆነም ስልክህ ውስጥ አለ። በሱረቱል ማኢዳህ 5፥90 ቁማር ከአስካሪ መጠጥ ጋር ተደምሮ የተከለከለ መሆኑን ታውቃለህ። ሐራምነቱን ማወቅ ይበቃሃል፤ ግን አንድ ነገር ልጨምርልህ። ትኬት የቆረጠ ሰው ደጋፊ መሆኑን ያቆማል። ለገዛ ከተማው ቡድን ሽንፈት ገንዘብ ያስያዘ ልጅ፣ ቡድኑ ግብ ሲገባበት በልቡ ሲደሰት ራሱን ያገኘዋል። ደጋፊ ግን ከቡድኑ የሚጠብቀው ሳንቲም የለም፤ ውበቱም እዚያ ላይ ነው። ቁማር ገንዘብህን ከመብላቱ በፊት ፍቅርህን ዋጋ ለጥፎበት ይሸጠዋል።

ሦስተኛው ዐሰቢያ ነው። በአንድ ዘመቻ ላይ ከሙሃጂሮችና ከአንሷሮች ሁለት ሰዎች ተጣልተው እያንዳንዱ ወገኑን ሲጣራ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያን ጥሪ እንዲተዉት አዘዙ፤ የገማ ነገር ነውና። ልብ በል፤ «ሙሃጂር» እና «አንሷር» የከበሩ ስሞች ናቸው። የተጠሩበት ዓላማ ግን አገማቸው። በከተማችን ሀዋሳ ከተማም ሲዳማ ቡናም አለ። ሁለቱ ሲገናኙ ጨዋታው ይሞቃል፤ ይሙቅ። ነገር ግን ጭፈራው ወደ ብሔር ስድብ፣ ስድቡ ወደ ድንጋይ ከተለወጠ አንተ ደጋፊ አይደለህም። ነገ በአንድ ሰፍ ትከሻ ለትከሻ ገጥመህ የምትሰግደው ወንድም የዛሬው «ተቃራኒ» ነው። ከዲን ወንድምህ ውጭ ያለው ጎረቤትህም ቢሆን በአንተ ላይ ሐቅ አለው።

አንድ ነገር ልጨምር። ታማኝ መሆን ማለት ዓይንን መጨፈን አይደለም። ሁለቱን ለማመሳሰል ሳይሆን አካሄዱን ለመማር ኡሑድን አስብ። በሒጅራ 3ኛው ዓመት፣ ኮረብታው ላይ የተመደቡት ቀስተኞች አብዛኞቹ ድሉ ያለቀ መስሏቸው ቦታቸውን ለቀቁ፤ ሰባ ያህል ሶሓቦች ሸሂድ ሆኑ። ቁርኣን በሱረቱ ኣሊ ዒምራን ስህተታቸውን በግልጽ ነገራቸው፤ አልሸፈነላቸውም። ግን እዚያው ላይ እንዳይደክሙና እንዳያዝኑ አጽናናቸው፤ ቀኖች በሰዎች መካከል እንደሚዘዋወሩም አስተማራቸው (3፥140)። እውነትን መናገርና አለመልቀቅ አብረው ይሄዳሉ። ወዳጅህ ሲያጠፋ «አጥፍተሃል» ትለዋለህ፤ ከዚያ አብረኸው ትቀመጣለህ። የሚሳደብ ሌላ ነው፤ የሚሸነግልም ሌላ ነው።

እንግዲህ ያ ልጅ በመስጂዱ በር ላይ ምን ይመልስ ነበር? እኔ ብሆን እንዲህ እለው ነበር፦ «አልተዋቸውም፤ ግን ከልካቸው በላይም አልሰጣቸውም።» የከተማህን ቡድን ውደድ፤ ሲሸነፍም አትካደው። ልብህ ውስጥ ግን የሚገባውን ትንሽ ቦታ ብቻ ስጠው። ከዚያ ለሱ ያለህን ያን ትዕግሥት ውሰድና የሚገባው ቦታ አድርሰው።

ለዚህ ሳምንት አንድ ሥራ እንውሰድ። በሕይወትህ ውስጥ አሁን «እየተሸነፈ» ያለ ሰው ማን ነው? ፈተና የወደቀ ጓደኛ፣ ሱቁ የተዘጋበት አጎት፣ ከታመመች ቆይታ ጠያቂዋ የቀነሰ አክስት፣ ከሱስ ሊወጣ እየታገለ ደጋግሞ የሚወድቅ ወንድም ሊሆን ይችላል። ሲያሸንፉ ብዙ ሰው ከበባቸው ነበር፤ አሁን ወንበሩ ባዶ ነው። ዛሬ ከዐስር በኋላ ደውልለት፣ ወይም ሄደህ አብረኸው ሻይ ጠጣ። በሚቀጥለው ሳምንትም ድገመው። አላህ ዘንድ ይበልጥ የሚወደደው ሥራ ትንሽ ቢሆንም የሚዘወተረው እንደሆነ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናልና።

አላህ ሆይ! በድሎትም በችግርም በዲንህ ላይ የምንጸና አድርገን። ወዳጆቻችን ሲወድቁ ከማይሸሹት አድርገን። ልባችንን ዳር ላይ ከመቆም ጠብቅልን። ከተማችንን ሀዋሳን፣ አገራችንንም ሰላም አድርግልን። አሚን።

ዛሬ ሱረቱል ከህፍን መቅራትና በነቢዩ ላይ ሶለዋት ማብዛት እንዳትረሱ።