ከበሩ ውጪ የሚቀሩት እናት

ምጥ የያዛትን ልጃቸውን ደግፈው የመጡ እናት በብዙ ማዋለጃ ክፍሎቻችን በር ላይ ይቀራሉ። "እማማ፣ እዚህ ይጠብቁ!" አለቀ። እቤት ቢሆን ጎረቤቱ ከቧት "ማርያም ማርያም" ይል ነበር። ሆስፒታል ደም ማቆም ይችላል፤ ልጅቷን ግን ብቻዋን ያስገባታል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ፣ ምጥ ላይ ያለች ሴት የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን ይመክራል። ከዚያ በፊት በ2017 የወጣ የኮክሬን ግምገማ ከ15,000 በላይ ሴቶችን ያካተቱ 26 ጥናቶችን አይቶ፣ ከአጠገባቸው ሳይለይ የሚደግፋቸው ሰው ያላቸው ሴቶች በኦፕራሲዮን የመውለድ ዕድላቸው ሊቀንስ እንደሚችል አሳይቷል። ክኒን ቢሆን እኮ ዛሬውኑ ይታዘዝ ነበር።

ክልከላው ምክንያት አለው። አንድ ክፍል ውስጥ ብዙ አልጋ፣ መሃል ላይ መጋረጃ የለም፣ የሌላዋም ገመና አለ። እውነት ነው። ግን ይሄ የመጋረጃ ጉዳይ ነው። (እኛ ፕሮግራመሮችም ማን እንደጻፈው የማይታወቅ ኮድ መንካት እንፈራለን፤ ጥሩ ስለሆነ ሳይሆን ስለቆየ።)

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ለክልከላው ማንም ጥናት አልጠየቀም፤ እናቷን ለፈለገችው ግን 26 ጥናት አስፈለገ። ጥናቱ "ምንም ጥቅም የለውም" ብሎ ቢሆንስ? ያኔም ይግቡ ነው የምለው። ጉዳት አለው የሚል ካለ ማስረጃውን እሱ ያምጣ፤ እስከዚያ እማማ ይግቡ።