ስለ ሕንድ ምግብና ስለ ማዕድ ክብር

ሰው ለምግብ ሲቀመጥ ሆዱን ብቻ የሚያስደስት ይመስለዋል። ነገር ግን ከማን ጋራ እንደሚበላና ከማን እጅ እንደሚቀበል ሲመርጥ፣ ሰውን ምን ያህል እንደሚያከብር ሳያውቀው ይመሰክራል። ልጆቼ ሆይ፤ ይህን ነገር እንድንመረምር የሕንድን ምግብ ምሳሌ አድርጌ መርጬዋለሁ። የሕንድ ገበታ በጣዕሙ የሩቁን ሰው ሁሉ ሲጠራ፣ በገዛ አገሩ ግን ጎረቤትን ከጎረቤት ሲለይ ኖሯልና።

በመጀመሪያ ስለ ጣዕሙ እንናገር። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር ከደቡብ ሕንድ የመጡ የሒሳብ መምህር ነበሩን። እንጀራችንን ባዩ ጊዜ እንደ ሌሎቹ የውጭ አገር ሰዎች አልተገረሙም። በአገራቸው ሩዝና ጥራጥሬ ዘፍዝፈው ይፈጩና ሌሊቱን አቡክተው፣ በጋለ ምጣድ ላይ አስፍተው የሚጋግሩት ዶሳ የሚባል ምግብ አላቸው። እንደ እኛም በቀኝ እጃቸው ይበላሉ። ከምስር ዳል የሚሉትን ወጥ ይሠራሉ፤ እርዱ፣ ዝንጅብሉ፣ ከሙኑ፣ ድንብላሉና ቅርንፉዱም በእኛ ገበያ የማይታጣ ነው። የባለሙያዎቻቸው ብልሃት ቅመሙን በጊዜውና በተራው ማግባት ነው። ከሙኑን ወይም ሰናፍጩን በጋለ ቅቤ ላይ ጣል ያደርጉና መዓዛው ሲወጣ በተቀቀለው ምስር ላይ ይደፉታል። የቅመም መዓዛ ከውሃ ይልቅ በቅባት አብልጦ ስለሚወጣ፣ የድሀው ምስር የመኳንንት ምግብ ይመስላል። ከጥቂት ነገር ብዙ ደስታ ማውጣት ሙያ ብቻ አይደለም፤ የሚበላውን ሰው ማክበርም ነው።

ሁለተኛው የሚያስደንቅ ነገር የዚህ ምግብ እንግዳ ተቀባይነት ነው። ቫስኮ ዳ ጋማ የተባለው ፖርቱጋላዊ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1498 ዓ.ም. ካሊከት ከሚባለው ወደብ በደረሰ ጊዜ፣ በሕንድ አገር በርበሬ፣ ድንችና ቲማቲም አይታወቁም ነበር። ምግቡን የሚያቃጥለው ቁንዶ በርበሬና ዝንጅብል ነበር። እነዚያ ተክሎች የአሜሪካ ተወላጆች ናቸው፤ ወደ ሕንድ የገቡትም ከዚያ በኋላ በአውሮፓውያን መርከብ ነው። የእኛም በርበሬ ትውልዱ ከዚያው ከአሜሪካ ነው። በጎዋ የታወቀው ቪንዳሉ የሚባለው ወጥ ስሙን የያዘው ከፖርቱጋል ቋንቋ ነው። እኛ ሳምቡሳ የምንለውን ሕንዶች ሳሞሳ ይሉታል፤ ስሙ ግን መነሻው ከፋርስ ነው። እንግዲህ የሕንድ ድስት ከባሕር ማዶና ከተራራ ማዶ የመጣውን ሁሉ ሳይንቅ ተቀብሎ የራሱ አድርጎታል።

በላተኛው ግን እንደ ድስቱ አልሆነም። በሕንድ የቆየ ልማድ ሕዝቡ በትውልድ ወገን ተከፋፍሎ ይኖር ነበር። ከፍ ካለው ወገን ነኝ የሚል ሰው ዝቅ ካለው ወገን እጅ ጥሬ እህል ይቀበላል፤ በውሃ የበሰለውን ግን አይቀበልም። ከሁሉ በታች የተደረጉት ደግሞ የማይነኩ ተብለው ከሕዝብ ጕድጓድ ውሃ እንዳይቀዱ ተከለከሉ። ሩዙን ያረሰ፣ ያጨደና የወቃ እጅ ሩዙ ሲበስል ርኩስ ሆኖ ተቈጠረ! ዶክተር አምቤድካር ራሳቸው ከእነዚህ ሰዎች የተወለዱ ነበሩ። በ1927 ማሃድ በምትባል ከተማ ብዙ ሕዝብ አስከትለው ከሕዝቡ የውሃ ማጠራቀሚያ ጠጡ፤ የመጠጣት መብት ለሁሉ መሆኑን በዚህ አስታወቁ። በኋላም የሕንድን ሕገ መንግሥት ያረቀቀውን ኮሚቴ በሊቀ መንበርነት መሩ። በ1950 ሥራ ላይ የዋለው ይህ ሕገ መንግሥት አለመነካካት የሚባለውን ልማድ ሻረ። ነገር ግን ሕግ ደጁን ይከፍታል እንጂ ሰውን እጁን ይዞ ከማዕድ አያስቀምጥም። ልማዱ በብዙ መንደር ዛሬም አልጠፋም።

እዚህ ላይ አንድ ሰው፣ «ታዲያ ሁሉ ሁሉን ይብላ ማለትህ ነው?» ብሎ ይጠይቀኝ ይሆናል። አይደለም። ብዙዎች ሂንዱዎች የላም ሥጋ አይበሉም፤ እስላሞች የአሳማ ሥጋ አይበሉም፤ የጃይን ሃይማኖት ተከታዮች ሥጋ ከመተው አልፈው ከመሬት የሚቈፈር ሥር እንኳ የማይበሉ አሉ። በእኛም አገር ጿሚው ቅቤና ሥጋ ይተዋል። ይህ ሰው በራሱ ሆድ ላይ የሚፈርደው ፍርድ ስለ ሆነ የሚከበር ነው። ምግብን መተው ሌላ፣ ሰውን መተው ሌላ ነው። ሁለቱ በተቀላቀሉ ጊዜ ክፉ ነገር ይወለዳል። በ2015 ከዴልሂ ብዙ በማትርቅ መንደር አንድ እስላም የላም ሥጋ በቤቱ አስቀምጧል ተብሎ በተሰበሰበ ሕዝብ ተደብድቦ ሞተ። ለእንስሳ ይራራ ዘንድ የተሰጠው ሕግ ሰው ለመግደል ምክንያት ሆነ።

መድኃኒቱም ከዚያው አገር ተገኝቷል። ጉሩ ናናክ በ15ኛው መቶ ዓመት ከጀመሩት ከሲኮች ሃይማኖት ጋራ ላንጋር የሚባል የጋራ ወጥ ቤት ተስፋፋ። በአምሪትሳር ከተማ ባለው በወርቁ ቤተ መቅደስ በየቀኑ በአሥር ሺዎች የሚቈጠር ሰው ያለ ዋጋ ይመገባል። ሀብታሙና ድሀው፣ የአገሩ ተወላጅና እንግዳው፣ በመሬት ላይ ባንድ ረድፍ ተቀምጠው ያንኑ ዳልና ያንኑ ቂጣ ይቀበላሉ። ሽንኩርት የሚልጠውም፣ ሳሕን የሚያጥበውም በገዛ ፈቃዱ የሚያገለግል ሰው ነው። ሥጋ አይቀርብም፤ የማንም ሃይማኖት ከረድፉ እንዳያስወጣው ነው። እነሆ፣ እዚህ ምግብ የተተወው ሰው እንዳይተው ነው።

በ2001ም የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ለልጆች የበሰለ ምሳ እንዲሰጥ አዘዘ። ጥቅሙ ረኃብን ማስታገስ ብቻ አይደለም፤ የልዩ ልዩ ወገን ልጆች ባንድነት እንዲበሉም ያደርጋል። በአንዳንድ መንደር ወላጆች፣ «ምግቡን ያበሰለችው ከዝቅተኛ ወገን ናት» ብለው ልጆቻቸውን ከልክለዋል። ከባልንጀራው ጋራ ሲበላ ያደገ ልጅ ግን ባልንጀራውን ርኩስ ነው ብሎ ማመን ይቸግረዋል።

ይህን ሁሉ ያነበበ ወጣት በሕንዶች ለመፍረድ እንዳይቸኩል እለምነዋለሁ። የእኛን ወጥ የሚያበስለው ድስት፣ እንጀራችንን የሚጋግረው ምጣድ የማን እጅ ሥራ ነው? ሸክላ ሠሪዋን፣ ቀጥቃጩንና ሸማኔውን ስንንቅ አልኖርንምን? ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ በዐዋጅ ከልክለዋል፤ ስድቡ ግን ከዐዋጁ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረ። በማስተምርበት ዘመን የሸክላ ሠሪዋ ልጅ በምሳ ሰዓት ለብቻዋ ስትቀመጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። በክፍል ውስጥ ተግሣጽ የሰጠኋቸው ልጆች ዝም ብለው ሰሙኝ። ነገሩን ያስቀረው ግን አንዲት ተማሪ ምሳዋን ይዛ ሄዳ አጠገቧ መቀመጧ፣ ጠቅልላም ማጉረሷ ነው። በማግስቱ ሦስት ሆኑ።

አባቶቻችን ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል ብለዋል። እኔም በዚህ ላይ የምጨምረው ጥቂት ነው። የሩቅ አገር ምግብ ስትቀምሱ ደስ ይበላችሁ፤ ጣዕሙ የብዙ ሕዝብ ሥራ ነውና። ነገር ግን የባዕዱን ቅመም የወደደ ሁሉ ሰውን የወደደ እንዳይመስለው ይጠንቀቅ። ማዕድ በቀረበ ጊዜ በገበታው ላይ ምን እንደ ጐደለ ከማየታችሁ በፊት፣ በዙሪያው ማን እንደ ጐደለ እዩ፤ እርሱንም ተነሥታችሁ ጥሩት።