ግንቡን ከመጀመራችን በፊት እንቀመጥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን እኅቶችና ወንድሞች፥ ይልቁንም የ12ኛ ክፍል ፈተና የምትጠባበቁ ታናናሾቻችን፤

ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ስለ አንድ ግንብ ሠሪ አስተምሯል። ግንብ ያሰበ ሰው ድንጋይ ከማንሣቱ በፊት ወጪው ስንት እንደ ሆነ፥ የያዘውም ይበቃው እንደ ሆነ ተቀምጦ ማስላት ይገባዋል። ምሳሌው የተነገረው ስለ ደቀ መዝሙርነት ነው፤ ሆኖም ለኑሯችንም ትልቅ ትምህርት አለው። ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው የምናልፈው ነገር ግን ሰውየው አስቀድሞ መቀመጡን ነው።

እኛ በዩኒቨርሲቲ ያለን ታላላቆቻችሁ ከእናንተ ጋር ተቀምጠን እናውቃለንን? ፈተና ሲቃረብ ጸሎት እንይዝላችኋለን፤ የቀድሞ የፈተና ወረቀት እናውሳችኋለን፤ «በርቱ» እንላችኋለን። «ያሰባችሁት ባይሆንስ ምን ታደርጋላችሁ?» ብለን ግን ጠይቀናችሁ አናውቅም። መጠየቁ ራሱ ሟርት ይመስለን ነበር።

ከዚያም አንድ ዓመት ውጤት በወጣ ሰሞን ከመዘምራን መካከል የአንዳንዶቹ ቦታ ባዶ ሆነ። ከበሮ የሚመታ አንድ ወንድማችን ሦስት እሑድ ቀረ። ቤቱ ስንሄድ እናቱ «ተኝቷል» አሉን፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። በኋላ ባገኘነው ጊዜ «ሰው ሁሉ ስንት አመጣህ ይለኛል እንጂ አሁን ምን ልትሠራ ነው ያለኝ የለም» አለን። ስንት አመጣህ ካሉት መካከል እኛም ነበርንበት። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠናል።

ወንድሞቻችን ሆይ፥ ነገሩ የአንድ ልጅ ብቻ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት ከ845 ሺህ በላይ ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267፥ ይኸውም 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኑ። እንግዲህ እግዚአብሔር ለቀሩት ሁሉ ሥራ አላዘጋጀም ማለት ነውን? ሐሰት ነው። ያላዘጋጀን እኛ ነን።

«ነገን የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው፤ ማቀድ እምነት ማጣት ነው» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ስለ ነገ እንዳንጨነቅ ያዘዘን ጌታ ስለ ግንቡ ወጪ ተቀምጠን እንድናስላም አስተምሮናል። ጭንቀትና ዕቅድ የተለያዩ ናቸው። የተጨነቀ ሰው ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል፤ ያቀደ ሰው ግን የሚችለውን በወረቀት አስፍሮ፥ የማይችለውን ለአምላኩ ሰጥቶ ይተኛል።

ስለዚህ ከፈተናው በፊት ባሉት እሑዶች፥ ከቅዳሴ በኋላ፥ ወረቀትና እርሳስ ይዘን አብረን እንቀመጥ። ወረቀቱንም በሦስት እንክፈለው። በመጀመሪያው ላይ፥ ውጤቱ ከመጣ ምን እንደምንማርና ለምን እንደ መረጥነው እንጻፍ። የትምህርት ክፍሉን ስሙን እንጂ ሥራውን ሳናውቅ የገባን ከእኛ መካከል ብዙዎች ነን፤ እናንተ ግን እኛን ጠይቁን፥ የሚከብደንንም አንደብቃችሁም። በሁለተኛው ላይ፥ ውጤቱ ጥቂት ቢጎድል ሪሜዲያል ስለሚባለው የማካካሻ ትምህርት፥ ወይም በግል ስለ መፈተን እንጻፍ። በሦስተኛው ላይ፥ ስለ ቴክኒክና ሙያ ትምህርት ወይም ወዲያው ስለሚጀመር ሥራ እንጻፍ። ከአጥቢያችን ምእመናን መካከል ብየዳ የሚሠሩ፥ ኤሌክትሪክ የሚዘረጉ፥ ልብስ የሚሰፉ አሉ። ሙያውን በስንት ጊዜ እንደ ለመዱት፥ ለመሣሪያ ምን እንዳወጡ ከእነርሱ እንስማ። በየክፍሉም ግርጌ የቤታችንን አቅም በእውነት እናስፍር፤ አባትና እናት የማይችሉትን ማቀድ ወጪውን ሳይቈጥሩ ግንብ መጀመር ነውና።

ሦስተኛው ክፍል የውርደት መዝገብ የሚመስለው ካለ ኦሪት ዘጸአትን ምዕራፍ 31 ያንብብ። ባስልኤል የእግዚአብሔር መንፈስ የሞላበት ወርቅ፥ ብር፥ ናስና እንጨት እንዲሠራ፥ ድንጋይም እንዲቀርጽ ነበር። በአገራችንም ባለ እጅ ሲናቅ ኖሯል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ከታወጀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ንቀቱ ግን ከልባችን ወጥቷልን? ወንድማችን ሙያ ልማር ሲል ፊታችን የሚጠቁር ከሆነ አልወጣም።

በመጨረሻም አባታችንን ቅዱስ ያሬድን እናስብ። ትምህርት አልገባው ብሎ ከመምህሩ ሸሽቶ ሳለ፥ ዛፍ ለመውጣት ደጋግማ የወደቀችውንና በኋላ የወጣችውን ትል አይቶ ተጽናና። ስለ ትሏ ጽናት ብዙ ተሰብኳል፤ እኛ ግን ያሬድ ከዚያ ወዴት እንደ ሄደ እንጠይቅ። ወደ መምህሩ ወደ አባ ጌዴዎን ተመለሰ፤ መምህሩም ተቀበሉት። ታናናሾቻችን ሆይ፥ ውጤቱ የወደዳችሁትን ባይሆን ወደ እኛ ተመለሱ እንጂ አትደበቁ። እኛም ስንት አመጣችሁ ሳንል በሩን ከፍተን እንቀበላችሁ።

ያ ወንድማችን ተመልሶ ከበሮውን ይዟል። ምን እንደሚማር ገና እየመከርን ነው፤ አሁን ግን ብቻውን አይደለም።

የሐሳባችሁን መልካሙን የሚፈጽም አምላክ ከእናንተ ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ ወለወላዲቱ ድንግል፥ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።