ሐራም ነው ወይስ ለእኔ እንግዳ ነው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

 

ሱረቱ ሩምን ስትቀሩ 21ኛው አንቀጽ ላይ ቆም በሉ። አላህ (ሱ.ወ) ከራሳችን ጥንዶችን እንደፈጠረልን፣ በመካከላችንም መዋደድንና መተዛዘንን እንዳደረገ፣ ይህም ከታምራቶቹ አንዱ እንደሆነ ይነግረናል። በየኒካሑ የምንሰማው፣ በሠርግ ጥሪ ካርድ ላይ የምናሳትመው አንቀጽ ነው። ካርዱ ላይ የማናሳትመው ቀጥሎ ያለውን 22ኛውን ነው። እዚያ ላይ ደግሞ የሰማያትና የምድር አፈጣጠር፣ የቋንቋችንና የመልካችንም መለያየት ከታምራቶቹ እንደሆነ ይናገራል። ትዳር በአንዱ አንቀጽ፣ የቋንቋና የመልክ ልዩነት በሚቀጥለው። ዛሬ የምናወራው እነዚህ ሁለት ታምራት በአንድ ጣሪያ ሥር ሲገናኙ ስለሚሆነው ነገር ነው።

ከመካከላችን ለትምህርት ቱርክ፣ ግብጽ ወይም ማሌዢያ የሄደ አለ። ለሥራ ገልፍ የሄደ፣ አውሮፓና አሜሪካ ተወልዶ ያደገም አለ። እዚያው ሌላ አገር ሰው ወድዶ ኒካሕ ያስራል። «ዲናችን አንድ ነው፣ ምን ችግር አለ?» ይላል። እውነቱን ነው፣ ዲኑ አንድ ነው። ግን የምናገባው ሰው እናት አለው። እናትየዋ ደግሞ የራሷ ቋንቋ፣ የራሷ ማጀት፣ ለልጇም የራሷ ሕልም አላት።

ቱርካዊ አግብታ ኢስታንቡል የምትኖር አንዲት እህት ያቀረበችልኝን ጥያቄ ስሟን ሳልጠቅስ ላካፍላችሁ። ባሏን ትወደዋለች፣ ሶላቱን የሚጠብቅ፣ ሐቋን የሚያውቅ ሰው ነው። የከበዷት እናቱ ናቸው። በየሳምንቱ ይመጣሉ። ቤት ውስጥ በባዶ እግሯ ስትሄድ ይቆጧታል። ያበሰለችውን ቀምሰው ይተዉታል። ስትሰግድ አይተው አሰጋገዷ ልክ እንዳልሆነ ለልጃቸው ይነግራሉ። ወጥ ቤት ገብተው ዕቃዋን እንደገና ይደረድራሉ። አንድ ቀን ደግሞ በእንግዶች ፊት ስለ ፀጉሯና ስለ ቆዳዋ የተናገሩት ቃል ከልቧ አልወጣም። መጨረሻ ላይ የጠየቀችኝ ይህን ነው፦ «ኡስታዝ፣ ‹ወይ እኔ ወይ እናትህ› ልበለው?»

ለእሷም ለሁላችንም መልሱን ከአንድ ሐዲስ እንጀምር። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ) ጋር ወደ ባለቤታቸው ወደ እናታችን መይሙና (ረ.ዐ) ቤት ገቡ። የመይሙና እህት ከነጅድ ያመጣችው የተጠበሰ ደብ ቀረበ። ደብ የበረሃ እንሽላሊት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እጃቸውን ዘረጉ፣ ምን እንደሆነ ሲነገራቸው ግን መልሰው ሰበሰቡ። ኻሊድ ሐራም እንደሆነ ጠየቁ። ሐራም አለመሆኑን፣ ነገር ግን በወገኖቻቸው አገር ስለሌለ ነፍሳቸው እንዳልፈለገችው መለሱላቸው። ኻሊድም ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው በሉ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እያዩ አልከለከሉም።

ልብ በሉ፣ ሳህኑ የመጣው ከሚስት ዘመድ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የማይወዱትን ለመብላት ራሳቸውን አላስገደዱም። ያልወደዱትንም ሐራም አላሉም። ያመጣችውን ሴት አላሳፈሩም፣ የበላውንም ሰው አልናቁም። «ሐራም ነው» እና «ለእኔ እንግዳ ነው» የሚሉትን ሁለት ነገሮች ለይተው አስቀመጡልን። ከሌላ አገር ሰው ጋር በተጋባ ቤት ውስጥ አብዛኛው ጠብ የሚነሳው እነዚህን ሁለቱን በማደባለቅ ነው። እስቲ የእህታችንን ስሞታዎች በዚህ ሚዛን አንድ በአንድ እንያቸው።

የባዶ እግሩ ነገር። ቱርክ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል፤ ጫማህን በር ላይ ታወልቃለህ፣ ወዲያው የቤት ውስጥ ነጠላ ጫማ ይቀርብልሃል። በባዶ እግር ቀዝቃዛ ወለል መርገጥ ያሳምማል ብለው እናቶች ልጆቻቸውን ሲቆጡ ይኖራሉ። የእኛ እናቶችስ «ብርድ ይመታሻል፣ ደረብ አድርጊ» እያሉ አይደል ያሳደጉን? የሌላ ሰው ልጅ ቢሆን ዝም ይሉ ነበር። እህቴ፣ ቁጣቸውን በአማርኛ ተርጉሚው፣ የእናትሽን ድምፅ ትሰሚበታለሽ።

የምግቡ ነገር። ለእሳቸው የእኛ እንጀራ ደቡ ነው! የእርሾው ኮምጣጣነት፣ የበርበሬው መፋጀት በአገራቸው የለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ምግብን ነቅፈው እንደማያውቁ፣ ከወደዱት እንደሚበሉት፣ ካልወደዱት እንደሚተዉት በሐዲስ ተዘግቧል። ቀምሶ መተው እንግዲህ ስድብ አይደለም። ይልቅ ሁለታችሁንም የሚያገናኝ ነገር ፈልጊ። ቀይ ምስር እኛ ወጥ እናደርገዋለን፣ እነሱ ደግሞ ሾርባ ያደርጉታል። «የእርስዎን አሠራር ያስተምሩኝ» በያቸው። እናት የምታውቀውን እንድታስተምር ስትጠየቅ የምትለሰልሰውን ያህል በሌላ በምንም አትለሰልስም። ሲጨርሱ «ኤሊኒዜ ሳሊክ» በያቸው። በቱርክኛ «ለእጅዎ ጤና» ማለት ነው። እኛስ «እጅዎ ይባረክ» እንል የለ?

የሶላቱ ነገር። እህታችን ያደገችው የሻፊዒይ መዝሀብ በሚቀራበት በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ነው። በቱርክ ደግሞ አብዛኛው ሰው ሐነፊ ነው። እሷ ወደ ሩኩዕ ስትወርድና ስትነሳ እጇን ታነሳለች፣ በሱብሒ ሶላት ቁኑት ታደርጋለች። እሳቸው እጃቸውን የሚያነሱት በመክፈቻው ተክቢራ ነው፣ ቁኑታቸውም በዊትር ላይ ነው። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ያዩት አንድ ዓይነት አሰጋገድ ስለሆነ ሌላው ስሕተት መሰላቸው። ይህ ግን በታላላቅ ዑለሞች መካከል ያለ፣ የታወቀና የተከበረ ልዩነት ነው። ኢማሙ ሻፊዒይ ራሳቸው ከአቡ ሐኒፋ ተማሪ ከሙሐመድ ኢብኑል ሐሰን ዕውቀት ቀስመዋል። ሁለቱ መዝሀቦች አማትና ምራት ሆነው ከመጣላታቸው በፊት መምህርና ተማሪ ነበሩ ማለት ነው። ባልየው ይህን ለእናቱ በአክብሮት ማስረዳት አለበት። እሷም የእሳቸውን ሶላት እንዳትነቅፍ።

የወጥ ቤቱ ነገር። ይህ ሐራም ባይሆንም ድንበር ይፈልጋል። ሚስት የራሷ የሆነ፣ ነፃነቷ የሚጠበቅበት መኖሪያ የማግኘት ሐቅ እንዳላት የፊቅህ ዑለሞች ጽፈዋል። በቤቷ ማዘዝ የእሷ ነው። ይህን ግን ምራት በቁጣ ሳይሆን ልጅየው በለሰለሰ ቃል ቢናገረው ይሻላል። የእናትን ኩራት ሳይሰብር «እማዬ፣ ይህን ለእሷ ተዪላት» ማለት የሚችለው ልጅ ነው።

የፀጉሯና የቆዳዋ ነገር ግን ይለያል። በርግጥ ባለማወቅ የሚጠየቅ ጥያቄና ንቀት አንድ አይደሉም። አዲስ ነገር አይቶ ለጠየቀ ሰው ፈገግ ብሎ መመለስ ያባት ነው። በንቀት የተባለውን ግን «ባህላቸው ነው» ብለን አናልፈውም፣ ምክንያቱም ይህ በደል ነው። አቡ ዘር (ረ.ዐ) ከአንድ ሰው ጋር ተጣልተው በእናቱ ሲሰድቡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በውስጣቸው የጃሂሊያ ነገር እንዳለ ነግረዋቸዋል። እናታችን ሶፊያ (ረ.ዐ) ከአይሁድ ወገን በመወለዷ ተነክታ ስታለቅስ ባሏ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) «ቻይው» ብለው አላለፏትም። አባቷ ነቢይ ሃሩን፣ አጎቷ ነቢይ ሙሳ፣ ባሏም ነቢይ መሆኑን አስታውሰው ክብሯን መለሱላት፣ የነካቻትንም አላህን እንድትፈራ ገሠጿት። ባሎች ሆይ፣ ከወገኗ ርቃ ወደ አገራችሁ የመጣች ሴት ከእናንተ በቀር ማን አላት? እናትን ማክበር በሚስት ላይ ሲቀለድ አብሮ መሳቅ አይደለም። ለብቻዋ ሆናችሁ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ፣ ግን ግልጽ አድርጋችሁ ንገሯት።

እንግዲህ አምስት ስሞታዎች ነበሩ። ሦስቱ እንግዳ ነገር ናቸው፣ አንዱ ድንበር የሚፈልግ ነው፣ አንዱ ደግሞ በደል ነው። አምስቱንም አንድ ላይ ጠቅልለን «አማቴ ጠላችኝ» ስንል ግን ሁሉም በደል ይመስሉናል፣ ከዚያ የምንይዘው የፍቺ መንገድ ብቻ ይሆናል።

«ወይ እኔ ወይ እናትህ» ለሚለው መልሴ አይሆንም ነው። አላህ በሱረቱል ፉርቃን 54ኛ አንቀጽ ሰውን ከውሃ ፈጥሮ የሥጋና የጋብቻ ዝምድና እንዳደረገለት ይናገራል። አማትነት እንግዲህ ሰው የፈጠረው ስም አይደለም፣ አላህ ያሰረው ገመድ ነው። በሱረቱ ኒሳእ 23ኛ አንቀጽ መሠረት የሚስት እናት በአንድ ኒካሕ ለአማቿ ለዘላለም መሕረም ትሆናለች፣ ትዳሩ ቢፈርስ እንኳ ያ አይፈርስም። በሙስሊም ዘገባ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሶሓቦች ወደ ግብጽ ሲገቡ ለሕዝቧ መልካም እንዲሆኑ አደራ ብለዋል፣ ዝምድና አላቸውና። ዑለሞች ሲያብራሩት የኢስማዒል እናት ሃጀርም፣ የነቢዩ ልጅ የኢብራሂም እናት ማሪያም ግብጻውያን ናቸው ይላሉ። በሁለት እናቶች የተነሳ አንድ አገር በሙሉ አደራ ከተባለ፣ ለባልሽ እናት የሚገባው ስንት ይሆን?

ባልሽንም በሁለት ሐቆች መካከል አታስጨንቂው። መልካም ሊዋልለት ከሰው ሁሉ የሚገባው ማን እንደሆነ ሲጠየቁ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሦስት ጊዜ እናትን ጠርተዋል። ይህ ግን በእሱ ላይ ያለ ሐቅ ነው። እናቱን መጦር የልጁ ግዴታ ነው፣ ምራት የምታደርገው ኢሕሳን ነው። ስታደርገው አጅር አላት፣ ስትደክም ደግሞ እንደ ወንጀለኛ አትታይም። ወንድሞች፣ የእናታችሁን ሐቅ በሚስታችሁ ጉልበት አትክፈሉ።

ቋንቋ ለሚያስተረጉሙ ባሎች አንድ ነገር ልጨምር። በሁለቱ ሴቶች መካከል ያለው ድልድይ ምላሳችሁ ነው። እናት በንዴት ያለችውን ሁሉ ቃል በቃል ማስተላለፍ አማና መጠበቅ አይደለም፣ ነገር ማዋሰድ ነው። ሰዎችን ለማስታረቅ መልካም ነገር የሚያስተላልፍ ሰው ውሸታም እንደማይባል ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ሻካራውን አልስልሱት፣ ምስጋናውን ሳታጎድሉ አድርሱት።

ደግሞ እኛም እንዳንዘነጋ። ወንድም ከሱዳን ወይም ከቱርክ አግብቶ ሲመጣ ባዕዷ አማት የእኛው እናት ናት። ሙሽራዋ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪጠጣ መቀመጥን አታውቅም፣ ጉርሻ ሲመጣባት ትደነግጣለች። እናቶቻችንን አስቀድመን እናዘጋጅ፣ «ንቃን ሳይሆን አላወቀችም» እንበላቸው። ለወንዶችም የነቢዩላህ ሙሳ (ዐ.ሰ) ምሳሌ ይበቃል። ከግብጽ ሸሽተው መድየን በእንግድነት ገቡ፣ የአንድ ሽማግሌ ልጅ አገቡ፣ ስምምነታቸውም አማታቸውን ስምንት ዓመት ማገልገል፣ ከፈለጉም ዐሥር መሙላት ነበር። የአላህ ነቢይ በሰው አገር አማቻቸውን ለማገልገል አልኮሩም።

የባሌ ወይም የሚስቴ እናት ሙስሊም አይደለችም የምትሉም አላችሁ። የአቡበክር ልጅ አስማእ (ረ.ዐ) ሙሽሪክ የነበረች እናቷ ስትመጣባት ዝምድናዋን ልቀጥል ወይ ብላ ጠየቀች፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) እንድትቀጥል አዘዟት። የአሳማ ሥጋና መጠጥ ባለበት ማዕድ አትቀመጡም፣ በአምልኮው አትካፈሉም፤ እዚህ ላይ «ሐራም ነው» ማለት ቦታው ነው። ሲታመሙ መጠየቅ፣ ስልክ መደወል፣ ስጦታ መላክ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ማሳየት ግን ማንም አልከለከላችሁም። አንዳንድ እናት ስለ እስልምና የምታነበው መጽሐፍ የእናንተ ጠባይ ብቻ ነው።

በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር እንሞክር። በእሳቸው ቋንቋ አንድ አዲስ ዓረፍተ ነገር እንማር። ዘይድ ኢብኑ ሣቢት (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲያዟቸው የአይሁድን ጽሑፍ በግማሽ ወር ተምረዋል፣ እኛ አንድ ሰላምታ አያቅተንም። ልጃቸው ሳይነግረን እኛው ደውለን ደኅንነታቸውን እንጠይቅ። ሦስተኛ፣ ቅር ያለን ነገር ሲመጣ አፋችንን ከመክፈታችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ፦ ይህ ሐራም ነው ወይስ ለእኔ እንግዳ ነው?

ያ አላህ! የቋንቋችንንና የመልካችንን ልዩነት ታምርህ ያደረግክ ጌታ፣ በቤታችን ውስጥ የጠብ ምክንያት አታድርግብን። ከአገራቸው ርቀው ያገቡ እህቶቻችንንና ወንድሞቻችንን ብቸኝነት አንተ አስታግስ። የባሎቻችንንና የሚስቶቻችንን እናቶች ልብ ለእኛ፣ የእኛንም ልብ ለእነሱ አለስልስ። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።